በሁዳዴ የሚያኝክ መምህር

ጫት በሚበቅልበት አገር ተወልጄ፣ ጫት ሳልቀምስ አድጌ፣ ጫት ምን እንደሚመስል አብዛኛው ሰው በማያውቅበት አገር ቃሚ ተባልኩ። ይህ የሆነው በጃንሆይ ዘመን፣ ቢቸና ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህር ሆኜ በተመደብኩ ጊዜ ነው። ዛሬ ሳወራው ልጆቼ ይስቃሉ፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ያን ጊዜ ግን በንዴት ብዛት ስንት ጠመኔ በእጄ ደቅቆ እንደቀረ የማውቀው እኔ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሐረርጌ፣ ከጨርጨር ስመጣ ግራ ጉንጬ መሐል ላይ የሽምብራ ፍሬ የምታህል እብጠት ነበረችኝ። በጣት ሲገፏት ትሸሻለች፣ ሲለቋት ትመለሳለች። አታመኝም፣ አታሳክከኝም። ጢሜን ስላጭ ምላጩን በዙሪያዋ አዙሬ ማለፍ ለመድኩ እንጂ ከዚያ በላይ የጠየቀችኝ ነገር አልነበረም። ቢቸና በገባሁ በሁለተኛው ዓመት ግን አድጋ ትንሽ ሎሚ አከለች። ከሩቅ ለሚያየኝ ሰው አንድ ነገር ጎርሼ ገና ያልዋጥኩ መሰልኩ።

ሌላ አገር ቢሆን ማን ከቁም ነገር ይቆጥረው ነበር! ቢቸና ግን ከሱቁ የቅኔ ጎጆው የሚበዛበት፣ በሁዳዴ ቅዳሴ ሳይወጣ ውሃ የቀመሰ ሰው ለሳምንት ወሬ የሚሆንበት ከተማ ነበር። እኔ ደግሞ በዚያ ሁሉ ጾመኛ መካከል በጠራራ ፀሐይ ጉንጬን ወጥሬ በገበያው መሐል አልፋለሁ። ኦጋዴን ዘምቶ የተመለሰ አንድ አሮጌ ወታደር የሐረርጌ ሰው ቅጠል በጉንጩ ይዞ እንደሚውል ነገራቸው። በቃ፣ ነገሩ በዚያው አለቀ። የሒሳቡ መምህር ሁዳዴን የሚገድፍ፣ ያውም በአደባባይ እያኘከ የሚገድፍ ሰው ሆነ።

እኔ ይህን አላውቅም። የማውቀው ገበያ ስወጣ ሴቶቹ ወሬ እንደሚያቋርጡ፣ ተማሪዎቼም ጥቁር ሰሌዳውን ትተው ጉንጬን እንደሚያዩ ብቻ ነው። ያስተማርኩት ያልገባቸው መስሎኝ ደግሜ አስረዳለሁ። ደግመው ጉንጬን ያያሉ። ሰሌዳው ላይ ያለውን እንጂ እኔን አትዩ እያልኩ ስንት ጊዜ እንደጮህኩ!

ኋላ የወደድኳትን ልጅ ያወቅኋት ሞጣ ነው። ለመምህራን ስብሰባ ሄጄ ነበር፤ እሷ እዚያው ሞጣ የባልትና መምህርት ነበረች። በረፍት ሰዓት አጠገቤ ቆመችና ጉንጬን አየች። እንደ ሌላው ሰው ግን ዞር አላለችም።

«ጉንጭዎን ምን ሆነው ነው?» አለችኝ።

«እኔ እንጃ። ካበጠ ቆየ።»

«ያምዎታል?»

«ኧረ አያመኝም።»

«ታዲያ ለሐኪም አላሳዩትም?»

«ካላመመኝ ምን ብዬ ላሳይ?»

«ሰነፍ ነዎት» አለችና ወደ ጓደኞቿ ሄደች።

በሌላ ቀን፣ በሌላ ሰው አፍ ቢሆን ሰነፍ መባል የማታ ራቴን ያስተወኝ ነበር። ያን ቀን ግን አልተናደድኩም። ሰው ሁሉ ያየኝ ነበር፤ የጠየቀችኝ እሷ ብቻ ናት። እንደወደድኳት የገባኝ ወደ ቢቸና ስመለስ ነው። ጉንደ ወይን ላይ የመኪናው ጎማ ፈንድቶ ተሳፋሪው ሁሉ ሹፌሩን ሲያማርር፣ እኔ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ብቻዬን እስቅ ነበር።

አጠያይቄ የማን ልጅ እንደሆነች ስሰማ ግን ሳቄ ቀነሰ። አባቷ እዚያው ቢቸና የቅኔ መምህር ናቸው፤ ቄስም ናቸው። ከተማው ሁሉ የኔታ እያለ የሚጠራቸው፣ ቃላቸው ከአጥቢያ ዳኛው ቃል ይልቅ የሚከበር ሰው ነበሩ። ቢሆንም ወንድ ልጅ አንዴ ከወደደ ምን ያደርጋል! የቀጣዩ ዓመት ሁዳዴ ሳይገባ የትምህርት ቤታችንን ዲሬክተር ከአንድ ጎረቤት ሽማግሌ ጋር ላክሁ። የኔታ በክብር ተቀበሏቸው፣ አበሏቸው፣ አጠጧቸው። መልሳቸው አጭር ነበር።

«ጾሙ ይግባና ይውጣ። ያኔ እንነጋገራለን።»

ዲሬክተሩ የመልሱን ምክንያት ያውቃል፤ ለእኔ ግን አልነገረኝም። የተማረን ሰው ጫት ትቅማለህ ወይ ብሎ መጠየቅ በዚያ አገር ነውር ነው። እሷም ብትሆን ሞጣ ስለምትኖር የቢቸና ወሬ አልደረሳት፤ ቢደርሳትስ ሴት ልጅ ለአባቷ ስለ አንድ ወንድ ጉንጭ ምን ብላ ታወራለች? እኔ መልሱን እንደ ጥሩ ምልክት ቆጥሬ ሁዳዴውን በደስታ ጾምኩት። ከቤት እስከ ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ቤት እስከ ቤተ ክርስቲያን፣ ጉንጬን ይዤ ተመላለስኩ። የኔታ ከሩቅ ያዩኝ ነበር።

ስቅለት ደረሰ። ከጠዋት እስከ ማታ ስንሰግድ ዋልን። ማታ ስግደቱ ሲያበቃ ካህናቱ የወይራ ቅጠል ይዘው ይቆማሉ። ምእመኑ ተራ በተራ ጎንበስ እያለ የገደፈውን፣ የበደለውን ይናገራል፤ ካህኑም ጀርባውን በወይራው ቸብ ቸብ አድርጎ የሚሰግደውን ይጨምርለታል። እኔ የተሰለፍኩት የኔታ ፊት ነበር። ሆን ብዬ ነው፤ አማቴ ሊሆኑ ይችላሉና ትሕትናዬን ይዩልኝ ብዬ።

«በል ተናገር» አሉኝ።

«ተማሪ መትቻለሁ፣ የኔታ።»

ቸብ አደረጉኝ። «ሌላስ?»

«ሹፌር ሰድቤአለሁ።»

ቸብ። «ሌላስ?»

«አንድ ዓርብ ዕለት ረስቼ ወተት ጠጥቻለሁ።»

ቸብ ቸብ። «ሌላስ?»

ከፊቴ የነበሩት ሁሉ ሁለት ሦስት ነገር ተናግረው አልፈዋል። እኔ ላይ ግን ወይራው አላቆም አለ። የጎረቤት ዶሮ በድንጋይ ማባረሬን ተናገርኩ። በቅዳሴ መሐል ማንቀላፋቴን ተናገርኩ። ልጅ ሳለሁ የአክስቴን ማር ሰርቄ መላሴን ሳይቀር ተናገርኩ። «ሌላስ?» ይሉኛል። ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ማጉረምረም ጀመረ። አንዱ እንዲያውም «ይኼ ሰውዬ ምን ቢሠራ ነው?» ሲል ሰማሁት። ኃጢአቴ አለቀብኝ፤ ወገቤም ደከመ። እንግዲህ የእኔ ነገር የታወቀ ነው፣ ንዴት ከመጣብኝ ቦታ አልመርጥም።

«የኔታ፣ ያለኝን ጨረስኩ! ከዚህ በላይ ከፈለጉ ሄጄ ሠርቼ ልምጣ!» አልኳቸው።

የኔታ ወደ ጆሮዬ ዝቅ አሉ።

«በጉንጭህ የያዝከውንስ መቼ ልትነግረኝ ነው?»

«በጉንጬ ያለውማ እብጠት ነው።»

«እብጠት?»

«እብጠት ነው እንጂ! ምን መሰለዎት? ይንኩት።»

አውራ ጣታቸውን ጉንጬ ላይ አሳረፉ። እንደ ቅጠል ይሟሽሻል ብለው ጠብቀው ኖሯል፤ እብጠቷ ግን እንደ ልማዷ ሸሸች፣ ተመልሳም መጣች። አፌን ከፈትኩላቸው። ባዶ ነው። ሁዳዴውን ሙሉ ለምን ሲያዩኝ እንደከረሙ የገባኝ ያኔ ነው። የኔታ መጀመሪያ አፈሩ፤ ዓይናቸውን ወደ መሬት ሰበሩ። ቀጥሎ ግን ጣታቸውን ያነሱት እሳት እንደነካው ሰው ነበር። ስገድም አትስገድም ሳይሉኝ አሳለፉኝ።

የጫቱ ወሬ በዚያች ማታ ሞተ። በፋሲካ ሳምንት ደግሞ የሥጋ ደዌ ወሬ ተወለደ። ፊት ላይ የሚወጣ፣ የማያምም እብጠት በዚያ አገር ለሰው ሁሉ የሚታየው በአንድ መልክ ነው። ከድጡ ወደ ማጡ ይሏል እንዲህ ነው። የኔታ በዲሬክተሩ በኩል ላኩብኝ፤ «በሐሜት በድዬዋለሁ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። ጾመኛ ነው። ነገር ግን ምንነቱ ላልታወቀ ሕመም ልጅ አልሰጥም» የሚል ነበር።

ይህስ ይሁን፣ አባት ናቸው። የጎዳኝ ሌላ ነው። የቤት አከራዬ እንደ ልጃቸው የሚያዩኝ ሴት ነበሩ። አንድ ቀን ማታ ጠላ ሲቀዱልኝ አየሁ፣ ጣሳዬን ከሌላው ለይተው መደብ ሥር ለብቻዋ አኑረዋታል። በጫቱ ተናድጄ ነበር፤ በጣሳዋ ግን አለቀስኩ። ጠላውን ጠጣሁ፣ ጣሳዋን ራሴ አጠብኳት፣ በማግስቱም የእህል ጆንያ ላይ ተቀምጬ ወደ ሞጣ ተሳፈርኩ።

ሞጣ ጤና ጣቢያ ጎንደር ተምሮ የመጣ ወጣት ሐኪም ነበር። ዓይኔን አስጨፍኖ ጉንጬን አንዴ በጥጥ፣ አንዴ በመርፌ ጫፍ ይነካኝ ጀመር።

«ተሰማዎት?»

«ተሰማኝ።»

«አሁንስ?»

«ኧረ ተሰማኝ! እንዴት ሲወጉኝ አይሰማኝም?»

ሳቀ። ሥጋ ደዌ ቢሆን ኖሮ መርፌው ይህን ያህል አያስቆጣም ነበር አለኝ። ከዚያ አንድ ጣቱን ከአፌ ውስጥ፣ አንዱን ከውጭ አድርጎ እብጠቷን ሲያገላብጣት ቆየ። እኔ አፌን ከፍቼ ሳለሁ በሩ ተንኳኳና እሷ ገባች። ትምህርት ቤት ረፍት ወጥተው ነው፤ መምጣቴን ማን እንደነገራት እስከ ዛሬ አላውቅም። ሰላምታ ሰጠችን፣ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች።

«የምራቅ ዕጢ እብጠት ነው» አለ ሐኪሙ። «ይህ ዓይነቱ ብዙ ጊዜ የሚወጣው ከጆሮ ሥር ነው። የእርስዎ ግን መንገድ ስቶ ጉንጭ መሐል ወጣ። እኔ ጉንጭ ላይ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። ክፉ አይደለም፤ ቀስ ብሎ ከማደግ በቀር ሥራ የለውም።»

ያን ቀን የተሸከምኩት ጭንቀት ሁሉ ከትከሻዬ የወረደ መሰለኝ። እሷ ግን ገና አልጨረሰችም።

«ወደ ሰው ይተላለፋል?»

«አይተላለፍም።»

«ለልጅስ ይወረሳል?»

ሐኪሙ እኔን አየኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ። «አይወረስም» አላት።

«ቢተውስ?»

«ዘመን ሲቆይ ጠባዩ ሊለወጥ ይችላል። ደብረ ማርቆስ ሄዶ ቢወጣለት ይሻላል። አንድ ነገር ግን አለ። ከንፈርን ለሳቅ የሚስበው ጅማት የሚያልፈው በዚሁ ላይ ነው። ሲቆረጥ ሊነካ ይችላል።»

«በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ!» አልኩ።

«ጆሮ ደግፍም እኮ የዚሁ የምራቅ ዕጢ በሽታ ነው፤ ዘመዳሞች ናቸው» አለኝ ሐኪሙ።

«ቢነካ ምን ይሆናል?» አለች እሷ።

«ሲስቅ አንዱ ወገን ሊቀር ይችላል።»

ትንሽ አሰበች። «በአንዱ ወገን መሳቅ ይበቃዋል» አለች። «በሁለቱም የማይስቅ ስንት አለ።» ደወል ተደወለና ወደ ክፍሏ ሄደች።

ቢቸና ተመልሼ ሥጋ ደዌ አለመሆኑን ለየኔታ አስነገርኩ። «እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ። «እንግዲህ ይቆረጥና ዳን ሲባል ያኔ እናያለን።»

ይህን ስሰማ የቀረው ትዕግሥቴ ተሟጠጠ። «እኔ ገበያ ወጥታ ጥርሷ የሚታይ በቅሎ ነኝ እንዴ!» ብዬ በዲሬክተሩ ላይ ጮህኩ። ቁርጡ መልስ ሳይነገረኝ ቢላዋ አይነካኝም ብዬ ማልኩ። እሳቸው ከቢላዋው በኋላ፣ እኔ ከመልሱ በኋላ፤ ሁለት ግትር ፊት ለፊት ተፋጠጥን። ዲሬክተሩ ሊያረጋጋኝ ሲመላለስ ሰነበተ፤ አንድ ቀን ግን ሌላ ወሬ ይዞ መጣ። ከመርጡለ ማርያም ለልጅቷ ሌላ ጠያቂ መጥቷል፤ ቅኔ የተመረቀ፣ ቤተሰቡ የታወቀ፣ ጉንጩም ጠፍጣፋ። ያን ሰሞን እህል አልበላ አለኝ። እሷን ላጣት ነው ብዬ ፈራሁ። ፍርሃቱ ግን ግትርነቴን አልቀነሰውም፤ እንዲህ ነኝ።

የሆነውን የነገረኝ ሐኪሙ ነው። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ጫማው አቧራ ለብሶ ቤቴ ገባና ወንበር ላይ ዘፍ አለ። ከየኔታ ቤት ነው የመጣሁት አለኝ። ከሞጣ የመጣው እሷ ከምትከራይበት ቤት ባለቤት፣ ከአንድ አረጋዊ ጋር ነው። ሁለቱ የየኔታ ደጅ ላይ ቆሙ። የኔታ ግቡ፣ ተቀመጡ ቢሏቸው፣ በሽማግሌ ወግ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ።

«ሽማግሌ ናችሁ?» አሉ የኔታ።

«አዎ፣ የኔታ።»

«ለማን ልጅ መጣችሁ?»

«ለእርስዎ ልጅ።»

«የላካችሁስ ማን ነው?»

«የእርስዎ ልጅ።»

የኔታ ጆሯቸውን ወደ አረጋዊው አዘነበሉ። በዚያ አገር ወንድ ወደ ሴት አባት ሽማግሌ ይልካል፤ ሴት ልጅ ወደ ገዛ አባቷ ሽማግሌ ስትልክ አያታቸውም አልሰሙ። አረጋዊው መልእክቱን አደረሱ፤ «ከነጉንጩ ይስጡኝ፤ ተቆርጦ ቢጣመምም የሚጣመመው የእኔ ባል ነው፣ ብላለች።» ሐኪሙ እንደነገረኝ የኔታ መጀመሪያ ቀሉ፣ ቀጥሎ ሳቃቸው መጣ። ሳቁ፣ ሳቁ፣ ጥምጥማቸው ተንሸራቶ ትከሻቸው ላይ እስኪወድቅ ሳቁ። ከዚያ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ።

«በሉ ተቀመጡ» አሏቸው። «ልጄን እኔው ዘንድ ሽማግሌ እስክትልክ አድርሻታለሁና ይብቃኝ። ሠርጉ ከቢላዋው በፊት ይሁን። ኋላ የኔታ የልጁ ጉንጭ እስኪስተካከል ጠበቀ እንዳይሉኝ።»

ሐኪሙን አንገቱን አንቄ ሳምኩት። እውነት ለመናገር ሐኪም አንቆ መሳም ያን ቀን ጀምሬ ያን ቀን ጨረስኩ።

የሐዋርያት ጾም ሳይገባ ተጋባን። ለእናትና ለአባቴ ልኬ ነበር፤ ግን ጨርጨር የት፣ ቢቸና የት! መልእክቱ ሳይደርሳቸው ሠርጉ ደረሰ። በእኔ ወገን የተቀመጡት ዲሬክተሩና መምህራኑ ብቻ ናቸው። ምሳ ሲቀርብ የኔታ ተነሥተው በእጃቸው አጎረሱኝ፣ ጉርሻውንም በዚያው ባበጠው ጉንጬ በኩል አስገቡት። ከዚያ ወደ እድምተኛው ዞሩና ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «እዩት፣ ገና አሁን ማኘኩ ነው!» አሉ። ዳሱ በሳቅ ተናወጠ። አሮጌው ወታደር ሳይቀር ሲስቅ አየሁት። የቤት አከራዬ ደግሞ ከራሳቸው ብርሌ አስጎነጩኝ።

በደጀን ዞረን ደብረ ማርቆስ የገባነው ሦስት ሆነን ነው፤ እኔ፣ ሚስቴና የኔታ። አይምጡ ብንላቸው እንቢ አሉ። ስለ ቀዶ ጥገናው ብዙ የማወራው የለኝም፤ እንቅልፍ ላይ ነበርኩ። ሎሚዋ ሙሉ ለሙሉ ወጣች። ግራ ከንፈሬ ለጥቂት ወራት አኩርፎ ከርሞ ታረቀ፤ ዛሬም ስስቅ ከቀኙ ትንሽ ዘግይቶ ይደርሳል። ተማሪዎቼ መምህሩ ሁለት ጊዜ ይስቃል ይሉኝ ነበር።

ብዙ የማወራው ከቀዶ ጥገናው በፊት ስላለው ጠዋት ነው። ነጭ ልብስ አልብሰው በተሽከርካሪ አልጋ ላይ አጋድመውኛል። እውነቱን ልናገር፣ ፈርቻለሁ። እናቴን አሰብኩ፤ ብሞት የት እንደተቀበርኩ እንኳ አታውቅም እያልኩ ነው። ሚስቴ እጄን ይዛኛለች። የኔታ ጭራቸውን ይዘው በሩ አጠገብ ቆመዋል። ነርሷ ከአዲስ አበባ የመጣች፣ ፈጣን ልጅ ናት። ከቀዶ ጥገናው ክፍል ወጣችና «የዚህ በሽተኛ ዘመድ ማነው?» ብላ ጠየቀች።

ሚስቴ አፏን ሳትከፍት የኔታ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ቀረቡ።

«አባቱ ነኝ» አሉ።

ነርሷ እሳቸውን አየች፣ እኔን አየች። እሳቸው ቀይ፣ ረጅም፣ አፍንጫ ሰልካካ ናቸው። እኔ ጥቁር፣ አጭር፣ አፍንጫዬም ያው እንደነገሩ ነው።

«አባባ፣ አትመሳሰሉም እኮ» አለቻቸው።

«ጉንጩ አብጦ ነው» አሉ የኔታ። «እሱ ሲወጣለት ቁርጥ እኔን ነው።»